በሦስተኛው ማሽን የተጠቀለለ ሐጅ

ባንክ ሳንቲም ጠቅልሎ አያውቅም። ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ባንክ የጠቀለለው፣ የሰው እጅ ያልነካው» እያሉ አንዱን ጥቅልል ከሌላው ሲያስበልጡ ብዙ ዓመት ሰምቻለሁ። የሰው እጅ ነክቶታል፤ እጁም የኔ ነው። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው መጋዘን፣ ጆሮዬን በስፖንጅ ደፍኜ፣ ኪስ የሌለው ቱታ ለብሼ አሥራ አንድ ዓመት ሳንቲም ጠቅልያለሁ። የባንኩ ድርሻ ካርቶኑን ተቀብሎ ጥቅልሉን በመስኮት ማቀበል ነው።

ሥራው ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ሳንቲሙ አዲስ ተመትቶ በትልልቅ ከረጢት ይመጣል፤ ማሽኑ አፍ ውስጥ እንገለብጠዋለን፤ ማሽኑ አርባ አርባ ኳርተር፣ የሩብ ዶላር ሳንቲም ማለት ነው፣ ቆጥሮ ወረቀት ያለብሳል፣ ሁለቱን ጫፍ አጥፎ ይቆልፋል። እኛ «ሮል» የምንለው ይኼንን ነው። የታጠፈው ወረቀት መሃሉ ላይ ክብ ክፍተት ስለሚተው ከዚህ ጫፍ አንድ፣ ከዚያ ጫፍ አንድ ሳንቲም ይታያል። ሠላሳ ስምንቱ አይታይም። ሰብሳቢው ሁለቱን አይቶ በሠላሳ ስምንቱ ያምናል። ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል ስለሚባል እስኪሞት አይከፍተውም። በዚህን ያህል ማስረጃ ያገቡ ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ እኔ ነኝ።

ሳንቲሙ ራሱ የሚያኮራ አይደለም። ብሩ ከውስጡ የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው። አሁን ያለው መዳብ ነው፤ ከላይና ከታች ኒኬል የተቀላቀለበት ስስ ቆዳ አልብሰውታል። ጠርዙን ወደ ብርሃን ብታዞሩት በሁለቱ ነጭ መሃል ቀዩ መዳብ ሳይደበቅ ይታያል። መንግሥት ጠርዙን መሸፈን እንኳ አላስፈለገውም፤ ጠርዝ የሚያይ ሰው የለም ብሎ ይሆናል።

እኔ ጠርዝ አያለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን፣ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ያለውን ሳይቀር። መጋዘን ውስጥ በእረፍት ሰዓት የማነበው ሲያልቅብኝ ስለ ሳንቲም የተጻፈ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብና ማወቅ ሁለት ነገር መሆናቸውን ለመረዳት አምሳ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው ሦስተኛው ማሽን ላይ ከኔ ጋር ይሠሩ የነበሩ የወሎ ሰው ናቸው። «ናቸው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስለ ሞተ ሰው እየጻፍኩ አይደለም። በዕድሜ በሃያ ዓመት ያህል ይበልጡኛል። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «አንቺ ልጅ»፣ ሲያሾፉብኝ «ሊቋ» ይሉኛል። ስሜን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስም መጥራት ትርፍ ድካም ነበር።

ሰውየው ከዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሐጅ መሄድ። ሌላው ሁሉ ደርሶላቸዋል፦ ልጅ፣ ቤት፣ የጡረታ ቀን። ከየደሞዛቸው ትንሽ ትንሽ ባንክ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሩዛቸውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተው እየጠበቁ፣ ባንኩ ዘንድሮም ወለድ ጨመረብኝ ብለው አማረሩ። ወለድ በሃይማኖታቸው ሐራም ስለሆነ በየዓመቱ እያወጡ ለችግረኛ ይሰጡታል፤ ሰጥተው ሳይጨርሱ ሌላ ይገባል።

«እንደ አረም ነው፤ ነቅዬ ሳልጨርስ ይበቅላል» አሉ።

እኔ መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ መልስ ይኖረኛል። ገንዘቡን ባንክ አያኑሩት፣ ጥቅልል ይግዙበት አልኳቸው። ኳርተሩ ጀርባ ላይ በየጥቂት ወሩ አዲስ ሥዕል ይወጣ የነበረበት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ሲወጣ ባልተከፈተ ወረቀት እንዳለ ቢያስቀምጡት ዓመታት ሲያልፉ ይወደዳል፤ የጨመረው ደግሞ የዕቃ ትርፍ እንጂ ወለድ አይባልም፤ ንግድ የተፈቀደ ነው ብዬ አስረዳሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ። የሃይማኖታቸውን ሕግ የማውቀው ከሁለት መጽሐፍ ሲሆን አንደኛውን አልጨረስኩትም። «ያላወቀ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የተባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

«ሊቋ ካለች እንግዲህ» አሉ። ለማሾፍ ነው ብዬ አሰብኩ። አልነበረም።

ከመጋዘኑ አንዲት ሳንቲም ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ኪስ የሌለው ቱታ የተሰፋልንም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ድራይቭ እያደረግሁ ሌክ ስትሪት ላይ ወዳለ አንድ ባንክ እንሄዳለን። በሳምንቱ ውስጥ ስንጠቀልለው የዋልነውን በገዛ ደሞዛችን መልሰን እንገዛለን። የሦስተኛው ማሽን መቆለፊያ አንድ ጥርሱ የተሸረፈ ነበር፤ ያጠፈው ወረቀት ላይ ትንሽ ጭረት ይተዋል። ሰውየው ጥቅልሉን እንደ ዕንቁላል ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጫፉን ያዩና፣ «ይቺ የኛ ናት» ይላሉ። ሌላ ማሽን የጠቀለለውን ግን አይወስዱም። የባንኩ መስኮት ላይ የምትሠራዋ ልጅ መጀመሪያ ሥራ አስኪያጇን ጠርታብን ነበር፤ በኋላ ለምዳን ጭረት ያለባቸውን ራሷ እየመረጠች ትጠብቀን ጀመር።

እኔም ለራሴ እገዛ ነበር። ነገር ግን የኔ ጨዋታ ነበር። የሳቸው አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ረመዳን ሲገባ ጥቅልሎቹን ከአልጋ ሥር አውጥተው ዘካቸውን ከሌላ ገንዘብ ይከፍሉላቸው ነበር። ይወልዳሉ የተባሉት ሳንቲሞች በየዓመቱ ወጪ ያስወጧቸው ጀመር። የሐጅ ወቅት በቀረበ ቁጥር ደግሞ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ ብሸጣቸው አሁን ይበቃ ይሆን? እኔም ያው መልስ አለኝ፦ ጥቂት ይቆዩ፤ አሁን መሸጥ ሞኝነት ነው።

አንዱ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ይከነክነኛል። እግራቸው ጤነኛ ነበር፤ ኩላሊታቸው ጤነኛ ነበር። የመስጊዳቸው ሰዎች በቡድን ሊሄዱ ተመዝግበው እሳቸውንም ጠሯቸው። ያላቸውን ጥቅልል በተጻፈበት ዋጋ ብቻ ባንክ ቢመልሱት፣ ከትንሽ ብድር ጋር ይበቃቸው ነበር። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን ጠየቁኝ። ያልተከፈተ ሮል በተጻፈበት ዋጋ መመለስ ማለት እንቁላሉን ሊፈለፈል ሲል ጠብሶ መብላት ነው አልኳቸው። ምሳሌው ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሳቁ፤ ቡድኑም ያለሳቸው ሄደ።

ከዚያ እኔ ሥራ ለቀቅሁ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ለዳያሊስስ፣ ለደም እጥበት፣ ይሄዳሉ፤ የቀረውን ቀን ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ ካለው አፓርታማቸው ብዙም አይወጡም።

ባለፈው ጸደይ ደወሉልኝ። ሐኪሙ ለመንገድ የሚሆን አቅም ከቀረዎት ዘንድሮ ነው፣ ከዚያ በኋላ አልፈቅድም ብሏቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላሉ ተፈለፈለ ወይ?» አሉኝ።

ረስተውት ይሆናል ብዬ ነበር።

ጥቅልሎቹን ከቤታቸው ወስጄ፣ ጎማ ባላቸው ሁለት ሻንጣዎች ይዤ ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ አንዱን ሻንጣ ከፈት አድርጌ ሳሳየው መነጽሩን እንኳ ከግንባሩ ላይ አላወረደም። በጣቱ የሱቁን በር አመለከተኝ። በሩን ከፍቶ የያዘለት አሮጌ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ እንደኛው ዓይነት ያልተከፈቱ ጥቅልሎች ነበሩ። ሁሉም ሰው እንዲህ ያሉትን እንዳስቀመጠ፣ ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ብርቅ እንደማይሆን በትሕትና ነገረኝ። ባንክ ውሰጃቸው አለኝ። ስወጣ መኪናሽ ከብዶታል፣ ጎማሽን አስፈትሺ አለኝ። ይህን ያለው ለደግ ነው። ጎማውን አስፈተሽኩ፤ ጎማው ምንም አልሆነም።

ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነበረችም ማለት አልችልም። ነበረች። ለሞኞች የተጻፈች መስላኝ አልፌያታለሁ።

ዕውነቱን ልንገራቸው ብዬ ወደ ፊሊፕስ መንዳት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጥቅልሎቹን መኪናዬ ኋላ ትቼ ባንክ ገባሁ፤ ከራሴ ሒሳብ የጥቅልሎቹን ዋጋ እጥፍ አወጣሁ፤ በፖስታ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ሮቸስተር ከተማ የሚኖር አንድ ሰብሳቢ በእጥፍ ገዛቸው አልኩ። ሰውየው የጥርስ ሐኪም እንደሆነ፣ በተለይ የጭረቷን ነገር እንደወደዳት፣ ሚስቱ ግን እንዳልተደሰተች ጨመርኩበት። ሰጥቻቸው የወጣሁት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ወለድ ሲያጠራቅም የከረመ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሊፍት ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ግማሹ እንዳለ፣ ግማሹ በላስቲክ ታስሮ። የሰፈራቸውን ሼህ ጠይቀው ነበር። ሼሁ እንዲህ ብለዋቸዋል፦ ዶላር በዶላር ሲለወጥ እኩል በእኩል መሆን አለበት፤ ሳንቲሙ ገበያ ላይ ገንዘብ ሆኖ ሳለ በጭማሪ ከተሸጠ ጭማሪው ራሱ ወለድ ነው።

«ገዢውን ስልክ ደውዪለት፤ ትርፉን እመልስለታለሁ» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ትክክል ብሆን ኖሮ፣ ጥቅልሎቹ እንዳልኩት ቢወደዱ ኖሮ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የሸሹትን ወለድ ይዘው ካዕባ ይደርሱ ነበር። ስለተሳሳትኩ ነው የተረፉት። ከሃያ ዓመት ምክሬ ውስጥ ያልጎዳቸው ክፍል ቢኖር «ይወደዳል» ያልኩት፣ ውሸት የሆነው ክፍል ነው፤ የጎዳቸው ደግሞ «ጥቂት ይቆዩ» ያልኩት ነው።

የገዛ ሰው የለም፣ ገንዘቡ የኔ ነው አልኳቸው።

«አውቄያለሁ።»

«በምን አወቁ?»

«አንቺ ስትዋሺ ታብራሪያለሽ። የጥርስ ሐኪሙን ሚስት ምን አመጣት?»

ስጦታ ነው ብለው ይውሰዱት ብዬ ለመንኳቸው። ለሐጅ የሚሄድ በራሱ አቅም ነው የሚሄድ፣ ካልቻለ ግዴታም የለበት አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወለድ ያለበትን ገንዘቤን አስታቅፈውኝ፣ «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ የምጽናናውም እኔ ሆንኩ።

ሻንጣዎቹን ከመኪናዬ አውጥቼ በሊፍት አመጣሁላቸው። አንዱን ጥቅልል መረጡ፤ ጭረቷን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መቱት። ወረቀቱ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። አንድም ጊዜ የሰው ኪስ ያላየ አርባ ኳርተር ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ዓይን ይወጋል። ሠላሳ ስምንቱ ከሁለቱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ እምነታችን ልክ ነበር ለማለት ያህል። አንዱን አንስተው እጃቸው ላይ፣ የዳያሊስሱ መርፌ ያሳበጠው ደም ሥር አጠገብ አስቀመጡት።

«ያላረጀ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ልጃቸው ከሥራ የገባችው በዚህ መሃል ነው። እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች፣ አሁን ሠላሳን ያለፈች ሴት ናት። ጠረጴዛውን አየች፣ ሻንጣዎቹን አየች፣ እኔን አየችኝ። አባቷ በአማርኛ ነገሩን ሲያስረዷት እሷ የመለሰችው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመለሰችውም ለኔ ነው። አባቷ መሄድ የሚችሉበት ዓመት እንደነበረ፣ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ እያለች ሠርታ ያጠራቀመችውን ልታበድራቸው እንደነበር፣ «ሊቋ ቆይ ብላኛለች» ብለው እንደመለሱላት ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሊቋ የሚለውን ቃል ብቻ በአማርኛ አለችው።

አባቷ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። እንግሊዝኛ ከኔ ባላነሰ ይሰማሉ። ደክሟታል አልኳቸው። ይህን ግን አላብራራሁም፣ ስለዚህ አለፉኝ።

ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ በዚያው ዓመት አለቀ። አሁን ዓውሮፕላን አይታሰብም። ሼሁ አንድ በር እንዳለ ነግረዋቸዋል፤ መዳን በማይጠበቅ ሕመም የታሰረ ሰው፣ የራሱን ሐጅ አስቀድሞ የጨረሰ ሌላ ሰው በሱ ፈንታ እንዲሄድለት መላክ ይችላል። ለሐጁ በራሳቸው የያዙት ገንዘብ ደግሞ ጥቅልሎቹ ናቸው፤ በተጻፈባቸው ዋጋ፣ ያለ ጭማሪ። ያ ዋጋ ዛሬ የግማሽ መንገድ ያህል ቢያደርስ ነው፤ የቀረውን የሚሄደው ሰው ከራሱ ቢሞላ ይሆናል ብለዋል ሼሁ። ልጃቸው የራሷን ገና ስላልሄደች ለሳቸው መሄድ አይሆንላትም። የሚያውቋቸውን ሁለት ሰዎች ጠየቁ። አንደኛው ኢንሻአላህ ብሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ሁለተኛው አምኖ ነበር፤ ክፍያው በኳርተር መሆኑን ሲሰማ የሚቀለድበት መሰለው። ባንክ ወስደን በወረቀት ገንዘብ ቀይረን እንስጠው አልኳቸው። እምቢ አሉ። የሚሄደው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ይወቅ፣ ከኛ እጅ የወጣውን ይመንዝረው አሉ። በዚህ ላይ ክርክር አልገጠምኩም። በሳቸው ጉዳይ መከራከር ትቻለሁ።

ስለዚህ ጥቅልሎቹ እንደገና አልጋ ሥር ናቸው፤ ከአንዱ በቀር። በሳምንት አንድ ቀን ከዳያሊስስ አመጣቸዋለሁ። መኪና ውስጥ ስለ ሐጅ አያነሱም። እኔ ቀድሜ እንዳላነሳ ብለው ይመስለኛል። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽም። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የሄደ ሁለተኛ የሚሄድበት ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ ያለው ደግሞ ለሟች እናቱ ይሄዳል እንጂ ለማያውቀው ሳንቲም ጠቅላይ አይሄድም። ይህን የምጽፈው መንገድ ስላለቀብኝ ነው። ልጻፍ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ስሜን ሳትጠሪ ጻፊ፣ ነገር አታሳምሪ አሉኝ። ላለማሳመር የተቻለኝን አድርጌያለሁ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ስለ ሳንቲም መሰብሰብ የምመክርህ የለኝም፤ ምክሬን አይተኸዋል። የምፈልገው ሰው ነው። የራስህን ሐጅ ከጨረስክ፣ ወይም የራስሽን ከጨረስሽ፣ ይህን ጽሑፍ ላተመው ሰው ንገሩት፤ እሱ ያገናኘናል። ክፍያው በኳርተር ነው፣ ሻንጣው ይከብዳል፣ ግማሹ ይጎድላል፤ የጎደለውን ከራሳችሁ ሙሉ። ስማቸውን ለሚሄደው ሰው በጆሮው እነግረዋለሁ። ሂዱላቸው።